ግመል የነካ እጅ

ልጅ እያለሁ እጄ ይሸት ነበር። የልጅ እጅ መቼ ሳይሸት ቀርቶ ያውቃል ትሉኝ ይሆናል፤ የኔ ግን ሌላ ነው። የግመል ሻኛ ስብ ቀልጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ ገብቶበት፣ በጣሳ ሲሰነብት የሚያመጣውን ሽታ ያየ ያውቀዋል። ያላየውን እግዜር ጠብቆታል። ይኼን ስጽፍ እንኳ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣብኛል።

ነገሩን ያስታወሰኝ የገዛ እግሬ ነው። ዘንድሮ ከወገቤ ተነሥቶ፣ በመቀመጫዬ አልፎ፣ እንደ ጋለ ሽቦ እስከ ተረከዜ የሚወርድ ሕመም ያዘኝ። ሐኪሙ ሳያቲካ ይባላል አለኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ቤት ይኼ ሕመም ስም አልነበረውም፤ “የአባትህ ነገር” ነበር የሚባለው።

አባቴ ከሸዋ በወታደርነት መጥቶ ሐረር የቀረ ሰው ነው፤ በኋላ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር ጠጋ ብሎ፣ ከአዴ ፋጡማ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። አዴ ፋጡማ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ሦስት ግቢ የሚሻገር። አንድ ጠዋት አባቴ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ተሸክመን መደቡ ላይ አስተኛነው። ሲያስል ያመዋል፣ ሲስቅ ያመዋል፣ እግሩን ሲዘረጋ ያለቅሳል። የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ፣ ሰኞ በእግሩ ቆሞ ካልመጣ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ ብሎ ላከ። ያቺ ዘበኝነት ከሄደች ቤቱም እንጀራውም አብረው መሄዳቸው ነው።

እናቴ ጨው አግላ በጨርቅ ቋጥራ ወገቡ ላይ ብታደርግለት፣ ጠበል ብታስጠጣው፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አዴ ፋጡማ ያቺን ጣሳ ይዘው የመጡት ያን ጊዜ ነው።

“በላዬ” አሏት እናቴን፣ “ይኼን ቀቢው። የግመል ሻኛ ነው። ወላሂ የኔን ሰውዬ ያስነሣው ይኼ ነው።”

እናቴ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ሸሸች። ለእናቴ ግመል መብላት ቀርቶ፣ ግመል ባለፈበት ማለፍም ይከብዳት ነበር። “አዴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ! ግመል አልነካም። እርስዎ ይቀቡት።”

“እኔ? የሰው ባል ጀርባ? ሐራም ነው አቦ!”

ጣሳው መሃላቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ “እንግዲህ በሁለት ሃይማኖት መሃል ተኝቼ ልቅር” አለ። ሁለቱም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

“ልጅ ኃጢአት የለበትም” አለች እናቴ።

“ኧረ ምን ኃጢአት አለው!” አሉ አዴ ፋጡማ።

በሃይማኖት ጉዳይ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እናም እኔ አሸሁ። ስቡ ቢጫ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይረጋል፤ ውስጡ የግመሉ ፀጉር ቀርቶበታል። በጣቶቼ መሃል እየሾለከ፣ ከአባቴ ላብ ጋር እየተላቆጠ፣ እርጥብ የፍየል ቆዳ ይሸታል። አዴ ፋጡማ ከበሩ ውጭ ሆነው፣ “ወደ ታች አውርደው! ወገቡ ላይ ብቻ አትጫወት! ቢስሚላህ በል!” ይላሉ። እናቴ ከጓዳ፣ “በስመ አብ በል!” ትላለች። ሁለቱንም አልሁ፤ ትንፋሼን ለመያዝ ግን አንዱም አልረዳኝም።

ከዚያ ወዲያ እጄ የኔ አልሆነም። በአመድ ፈተግሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ አልለቅ አለ። ድመቱ ሁሉ ይከተለኛል። ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ መጽሐፉን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ብይ ልጫወት ስጠጋ፣ “ግመሌ መጣ! አፍንጫችሁን ያዙ! ብይዬን እንዳትቀባብኝ!” ይሉኛል ልጆቹ። ቤትም አልዳንሁ። እናቴ ያን እጄን ከትሪው አታስጠጋውም፤ ከእሷ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ከንፈሬን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች ታጎርሰኛለች። እኔ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ እንደ እስረኛ አፌን እከፍታለሁ።

አባቴ ትንሽ ትንሽ መገላበጥ ጀመረ፤ መቆም ግን አልቻለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣሳውን ገና ስከፍተው ደጅ ወጥቼ አስመለስሁ። እንደገና ገባሁ፣ እንደገና አስመለሰኝ። “በቃ ልጁን ተዉት” አለ አባቴ። “ዘበኝነቱም ይቅር። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል ይላሉ፤ እኛ ከግመል ተጠጋን፤ አልሆነም።”

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። አማተበች። እጅጌዋን ሰበሰበችና እጇን እስከ አንጓዋ ጣሳው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ማሸት ጀመረች፤ አንድ ጊዜ ታሻለች፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ወደ በሩ “እትፍ!” ትላለች፣ ደግሞ ታሻለች። ግመሉን ረገመች፣ ሻኛውን ረገመች፣ ያረደውን ሰውዬ ረገመች። እጇ ግን አላቆመም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው ያጣሁትን ቦታ እሷ ሳትፈልግ አገኘችው።

“በላይነሽ፣ ተይው፣ ትታመሚያለሽ።”

“ዝም በል! ሰኞ ትቆማለህ! እትፍ!”

ማታ ሽሮ ቀረበ። የሚሸተው አሁን የሷም እጅ ስለሆነ ከትሪው ራቅ ብላ ተቀመጠች። አባቴ በጎኑ ተኝቶ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ እያቃሰተ ጠቀለለና እጁን ዘረጋላት። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ አጎነበሰችና ተቀበለችው። እያቅለሸለሻት ዋጠችው። ደግሞ ጠቀለለላት።

ሰኞ አባቴ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። በዱላ ተደግፎ፣ እኔ በርጩማውን ይዤ ከኋላው፣ መጋዘኑ በር ደረስን። ኃላፊው ጠጋ ሲል ሽታው ተቀበለው። “ግባ፣ ግባ ሥራህ ላይ!” አለ አፍንጫውን ይዞ፣ “ብቻ ከዚያ ማዶ ቁም!” ያዳነው ስቡ ይሁን፣ ማሸቱ ይሁን፣ የእናቴ እልህ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴንም የንስሐ አባቷ ምን እንዳሏት አልነገረችንም።

ዛሬ እኔን የምታሸኝ ልጄ ጽጌ ናት። ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እስባለሁ፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ወገቤ ሥር አደርጋለሁ፤ ይሻለኛል፣ እግዜር ይመስገን። ባለፈው ግን ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ የሰፈራችንን ባለባጃጅ ልኬ ያንን ሻኛ አስገዛሁና ግቢ ውስጥ አቀለጥሁት። ከዓመታት በኋላ ሽታው ይጣፍጠኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ያው ነው።

“አባባ! ኧረ ምን ሞቶ ነው?” አለች ጽጌ ከውስጥ።

“ምንም አልሞተም ልጄ” አልኋትና ከነጣሳው ወስጄ ጣልሁት።

መጥታ በዚያች የቱቦ ቅባቷ አሸችኝ። ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል፤ ዘፈን እያንጎራጎረች ነው የምታሸኝ። እጇ ይባረክ። እኔ ግን እንደ አባቴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ከኋላዬ አንዲት “እትፍ!” ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።