ከቡታጅራ የገዛኋት ፔጆ

ከአገና መነሳት

ቅዳሜ ማለዳ ከአገና የተነሳሁት መኪና ልገዛ ነው። ቤቴ አገና፣ ሥራዬ ወልቂጤ ነው፤ እዚያ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ፣ ጉብሬ ላይ ወርጄ ሌላ ጠብቄ ስደርስ፣ ባለቤቱ በሩን ራሱ ከፍቶ የእኔን ነጭ ጋዋን ለብሶ ይጠብቀኛል። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለኝም። በመጨረሻ ግን፣ "ወይ ወልቂጤ ግባ፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ" አለ። ሚስቴ ብርቄ ደግሞ የአገና ልጅ ናት። የእንሰት ጓሮዋን ትታ ወልቂጤ ኪራይ ቤት አትገባም። እኔ ያደግኩት አዳማ ስለሆነ አገሩን የማውቀው በእሷ በኩል ብቻ ነው፤ ጉራግኛውንም ቢሆን ግማሹን እየገመትኩ ነው የምሰማው።

ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ከአቅሜ በላይ ነው። ቡታጅራ ላይ አንዲት አሮጌ ባለ ናፍጣ ፔጆ በገበያው ግማሽ ዋጋ እንደምትሸጥ የነገረኝ መድኃኒት የሚያመላልስልን ሹፌር ነበር። "ናፍጣ ቀምሳ ነው የምትሄደው" አለኝ። ለምን እንደረከሰች አያውቅም።

በሚኒባስ የዘቢዳርን ተራራ ተሻገርን። ቀኑ ብሩህ ነበር። በየመንደሩ ልጆች እየጮሁ ተከተሉን፤ አንዱ ዱላውን ፈረስ እያስመሰለ እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ሮጠ። የሚሸጥ ጎመን የያዘች ሴት መስኮት ለመስኮት ተከራከረችን። መንገዱን ወደድኩት።

ቡታጅራ

የሐጂ ከድር መጋዘን ከበርበሬ ተራው ጀርባ ነው። እያስነጠሰኝ ገባሁ።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉኝ ሐጂ ከውስጥ።

"ወአለይኩም ሰላም፤ ሐጂ፣ ስለ መኪናዋ ነው የመጣሁት።"

ሐጂ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ረጋ ያሉ ነጋዴ ናቸው። ሸራውን ራሳቸው ገለጡት። ነጭ የነበረ ቀለሟ የቅቤ መልክ ይዟል። ከኋላ ረጅም ናት፤ ወንበሮቹ ወጥተው ወለሉ ላይ የብረት ቀለበቶች ተበይደዋል። ጥግ ጥጉ ላይ ደርቆ የተሰባበረ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ።

"ወንበሮቹስ?"

"ወንድሜ ነው ያወጣቸው። አላህ ይዘንለት። ሥራው ቦታ ይፈልግ ነበር።"

"ምን ነበር ሥራቸው?"

"ሰው ያደርስ ነበር" አሉ ሐጂ። "ብዙ ሰው አገሩ አድርሷል።"

ወንበር በሌለው መኪና ሰው እንዴት እንደሚደርስ መጠየቅ ነበረብኝ። ዓይኔ ግን ሞተሩ ላይ ነበር። ሐጂ ሞተሩን የሚያሞቀው ካንዴሌታ እስኪግል ጥቂት ጠብቀው ቁልፉን ሲያዞሩት በአንድ ጊዜ ተነሳ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ የተበሳ ስለሆነ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ሩቅ እንደሚመታ ከበሮ ድም ድም ትልና በየመሃሉ እንደሚያስለው ሰው ትቆርጣለች። በር ላይ በርበሬ የምትለቅም ሴት ሥራዋን አቋርጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ጭሱ መሰለኝ።

ውል ተጻፈ፣ ምስክር ፈረመ፣ ሊብሬውን ተቀበልኩ። ሐጂ ቆጮና ክትፎ ጋብዘውኝ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። በመስኮቱ በኩል ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "በተራራው አትሂድ፤ በሆሳዕና ዞረህ ግባ" አሉኝ።

"ፍሬኗ ችግር አለበት እንዴ?"

"ፍሬኗ ደህና ነው።"

"ታዲያ?"

"ዞረህ ብትገባ ይሻላል" ብለው መሬት መሬት አዩ።

ናፍጣ ልቆጥብ መኪና ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን እጥፍ መንገድ ልዙር? ከከተማው ስወጣ መሪውን ወደ ዘቢዳር አዞርኩት።

ዳገቱ

መጀመሪያ ያየሁት አንድ ባጃጅ ነው። ከፊቴ ይመጣ የነበረው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። በመንገዱ ጥበት ቅድሚያ የሰጠኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁለት። አልመለሰልኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ እንዲሁ ሆነ። የሚያርስ ሰው በሬዎቹን አቁሞ ቀና አለ። የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ጎን ለጎን ቆሙ። ጠዋት ሲጮሁ የነበሩት ልጆች ከአጥር ጀርባ ሆነው ዝም ብለው ያዩኛል። የሚሮጥ የለም። መስተዋቱ ላይ ሳይ፣ ካለፍኩ በኋላም አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው እኔን ሳይሆን የመኪናዋን ጀርባ ነው የሚከተለው። አንድ ሁለት ጊዜ ዞሬ ወለሉን አየሁት። ቀለበቶቹና ደረቁ ቅጠል ብቻ ናቸው።

ከፍ እያልኩ ስሄድ ጉሙ ወረደ። የእንሰቱ ቅጠል ከነጩ ውስጥ እጅ እጅ እየመሰለ ብቅ ይላል። መብራት አበራሁ። ሰዎቹን ማየት ቢያቅተኝም፣ ከመድረሴ በፊት ወሬያቸው ሲቋረጥ እሰማ ነበር። ድምፅዋን ከሩቅ ነው የሚለዩት ማለት ነው።

ከጫፉ አለፍ ብሎ ራዲያተሩ ፈላ። አንድ ሱቅ ያለበት መንደር ስደርስ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው፤ ሳልወድ ቆምኩ።

መንደሩ

ባለሱቁ ሳልጠይቀው በጆግ ውሃ ይዞ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ናስር እንደሚባል በኋላ ነገረኝ። ጆጉን በሁለት እጁ አቀበለኝና፣ "የማን ነው?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"የኔ ናት። ዛሬ ገዛኋት።"

"እሱን አይደለም። የማን ነው?"

"ምኑ?"

ከጉሙ ውስጥ ሰው እየወጣ ነው። ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠዋል። ከአንዱ ግቢ ሰሌን ተሸክመው ወጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉ። መሃላቸውን ከፍለው አንዲት አሮጊት መጡ፤ እማማ ዘነቡ ናቸው። ወደ እኔ ሳያዩ ወደ ኋላው በር ሄደው መስታወቱን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከፈትኩላቸው። እጃቸውን ሰድደው ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱት።

"ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው፣ እናቴ።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ምንም የለም፤ ማንም አልሞተም" ስል፣ ከኋላ ያሉ ሴቶች ፊታቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

ናስር ጎትቶ ወደ ጎን ወሰደኝ። "እባክህ 'ምንም የለም' አትበል" አለኝ። "ይህች መኪና አዲስ አበባ የሞተውን ሁሉ ወደ አገሩ የምታመጣው ናት። የሐጂ ወንድም እዚህ ሲቆም ሁሌም 'ምንም የለም' ነበር የሚለው፤ መርዶው በሽማግሌ እስኪነገር። ከአንተ በፊት እዚህ በር ላይ ባዶዋን ቆማ አታውቅም። የእማማ ዘነቡ ልጅ ምትኩ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። አስከሬኑን ታች ትተው አንተን አስቀድመው የላኩህ ነው የመሰላቸው።"

ሊብሬውን አውጥቼ አሳየሁት፤ ውሉንም። "እኔ አመንኩህ" አለ። "እሳቸውን ማን ያሳምን?"

"ለምትኩ እንደውልለት" አልኩ።

መንደሩ መብራት ካጣ ሰንብቷል፤ የሁሉም ስልክ ሞቷል። የሚሠራው የእኔ ብቻ ነው። ኔትወርክ የሚይዘውም ከሱቁ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። እማማ ዘነቡን ደግፈን ወጣን፤ መንደሩም ተከተለ። የልጃቸውን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃላቸው አነበነቡት። ጠራ። ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሳ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። በማን ስልክ ነው?"

"ሳቅልኝ" አሉ።

"እ?"

"እንደ ልጅነትህ ሳቅልኝ!"

ግራ የገባው ሰው ሳቅ ከስልኩ ውስጥ ወጣ። እማማ ዘነቡ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪጨርስ ሰሙት። ሥራ ፈትቶ አፍሮ እንደጠፋ ነገራቸው፤ ተቆጡት፣ መረቁት። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ። መንደሩን አንድ በአንድ አዩት።

"የኔ ካልሆነ፣ የማን ነው?"

እኔ ልመልስ ስል ናስር ክንዴን ጨመቀው። ወዲያው አንድ ሰው ስልኬን ለመነኝ፤ ከኋላው ሌላው ተሰለፈ። አዲስ አበባ ልጅ የሌለው ቤት የለም። እያንዳንዱ በየተራው እየደወለ "አለህ?" "አለሽ?" ይላል። ሌላ ነገር አይጠይቁም። መልስ ያገኘው ሰሌኑን አልፎ ወደ ቤቱ ይወርዳል፤ ጉሙም ይውጠዋል። ጉብታው ላይ የቀረነው እያነስን ስንሄድ የቀሩት ይበልጥ ተጠጋጉ። እኔም፣ መኪናዋ ባዶ መሆኗን በዓይኔ ያየሁት ሰው፣ እየጠበቅሁ ነበር። የአንዱ እንደማይነሳ እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

የመጨረሻው ጋሽ ሽኩር ነበሩ። ሚስት የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያለቻቸው ሽማግሌ ናቸው። የሰሚራ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደገምን። ሦስተኛው ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀና ጨለመ።

"እሺ" አሉ ጋሽ ሽኩር። ወርደው ለእማማ ዘነቡ በተዘረጋው ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ወደ ቤታቸው የገቡት ሁሉ ተመልሰው ወጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ።

"ሂድ" አለኝ ናስር። "ሳይመሽብህ።"

ራዲያተሩን ውሃ ሞልቼ ሞተሩን ሳስነሳ ጋሽ ሽኩር ቀና ብለው መኪናዋን አዩዋት። ቀሪውን ቁልቁለት ከዚያ ዓይን ጋር ወረድኩ።

አገና

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቴ ደጃፍ ደረስኩ። ጡሩምባ ነፋሁ፤ በሩ አልተከፈተም። ወርጄ ስገፋው ብርቄ ከውስጥ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። እናቷና ሁለት ጎረቤቶች በወገቧ ይዘዋታል። አየችኝ እንጂ አላወቀችኝም።

"ብርቄ፣ እኔ ነኝ።"

መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አገጬን፣ ጆሮዬን ጨመቀችው። ጥፍሯ ገባ።

"ስልክህ ዝግ ነው" አለች። "ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ከዚያ እሷን ሰማኋት። አባቴን ያመጣችው እሷ ናት። ከታች ከመታጠፊያው ጀምሮ ነው ድምፅዋን የማውቀው። አንተን ይዛ የመጣች መስሎኝ ነው።"

እናቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የዚያን ምሽት እራት የበላ የለም።

ማግስቱን

ጠዋት ስልኬ ኃይል ሲያገኝ ጠራ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

"በዚህ ቁጥር ትናንት ተደውሎልኝ ነበር።"

"ሰሚራ ነሽ?"

"ነኝ። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ስናጸዳ ስልክ በር ላይ ነው የምናስቀምጠው። አባቴ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆኑም" አልኩና ቃሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ወዲያው መኪናዋን፣ ጉሙን፣ ሰሌኑን፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። "የአባቴ ስልክ አይሠራም። ሂድልኝ፤ እባክህ አሁኑኑ ሂድልኝ" አለች።

እሁድ ስለሆነ ሚኒባስ የለም። ብርቄ ቁልፉን አቀበለችኝ፤ "ግን ድምፅዋን አታሰማቸው" አለች። መንደሩ ከመድረሱ በፊት፣ ድምፅ በማይሻገርበት ከኮረብታው ሥር መኪናዋን አቁሜ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ።

እንደተውኳቸው ነበሩ። የጋሽ ሽኩር ጋቢ በጤዛ ርሷል። ናስር አይቶኝ ብድግ አለ። ጋሽ ሽኩር ግን እግሬን ነው ያዩት፤ ጫማዬን፣ ጭቃውን።

"በእግርህ ነው የመጣኸው?"

"በእግሬ ነው፣ አባባ። ሰሚራ ደውላለች።"

ጉብታው ላይ አብረን ወጣን። ስታወራቸው ስልኩን በጆሯቸው ላይ ይዘው ብቻ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርሱ፣ "መኪናዋስ?" አሉኝ።

"ታች ናት።"

"ና፣ እንሂድ።"

ከመኪናዋ ስንደርስ ሞተሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ሚስታቸውን ያመጣችው እሷ እንደነበረች ያን ጊዜ ነገሩኝ። ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡና፣ "አሁን ወደ ላይ ንዳት፤ ይዩኝ" አሉ።

ድም ድም እያለች ወጣች። ከፊት ለፊት ሰዎች እንደ ትናንቱ ይቆማሉ። ጋሽ ሽኩር መስኮቱን እስከ ታች አውርደው አንገታቸውን አወጡ። በየደጃፉ "ሽኩር ነኝ! አለሁ! ልጄም አለች!" እያሉ ጮኹ። አንዳንዱ ሳቀ። አንድ ልጅ መሮጥ ጀመረ። እማማ ዘነቡ ግን እስክናልፍ ድረስ ከቆሙበት አልተቀመጡም።

መኪናዋን አልሸጥኳትም፤ ማን ይገዛኛል? ማርሚታዋን አስቀየርኩ፣ ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። ወንበሮች አስገጠምኩ። ወልቂጤ ለሥራ የሚመላለሱ የአገና ሰዎችን እጭናለሁ፤ ናፍጣውን አብረን እንሞላለን። ባለመድኃኒት ቤቱም ጋዋኔን መልበስ ትቷል። እኔ ርካሽ ዕቃ ገዛሁ ብዬ ነበር። ርካሽ ያደረጋት በአገሩ ሰው ጆሮ ውስጥ የተከማቸው ነገር መሆኑን አላወቅሁም፤ ያንን ደግሞ ማንም መካኒክ አያወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነድቻት አላውቅም። ተሳፋሪዎቼ ስለ እሷ አያወሩም፤ ሁሉም ያውቃታልና። ቤቶች ወዳሉበት ስንቃረብ ግን ወሬያቸውን አቋርጠው፣ ዝናብም ይሁን ብርድ፣ ሁሉም መስኮቱን አውርዶ ፊቱን ወደ ውጭ ያወጣል።