በር ከፍቶ የሚገባው ምስክር

የችሎት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የምወደው በአንድ ምክንያት ነው፤ ነገሩ ያልቃል። ጠበቃው ላብ በላብ ይሆናል፣ ዳኛው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ንጹሑ ሰው ሊፈረድበት አፋፍ ላይ ሲደርስ የአዳራሹ በር ይከፈትና ማንም ያልጠበቀው ምስክር ይገባል። እውነቱ ይወጣል፣ እኔም መጽሐፉን ከድኜ እፎይ ብዬ እተኛለሁ። የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ መድኃኒት ቤት ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ ሳነብ የሚያዩኝ ደንበኞች የሕክምና መጽሐፍ ይመስላቸዋል። አላርማቸውም።

እውነተኛ ችሎት ያየሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ከቤቷ በታች እስከ ወንዙ የሚወርድ በርበሬ የምታለማበት ማሳ ነበራት፤ የምትተዳደረውም በእሱ ነው። የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ የታችኛው እኩሌታ የእኔ ነው ብሎ ከሰሳት። ወሰኑ ማሳው ላይ የነበረው የዋንዛ ዛፍ መሆኑን ሁለቱም አይክዱም። ችግሩ ዋንዛው ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ጉቶውም ተነቅሎ ቦታው ታርሷል። የት ጋ እንደነበር ሲጠየቁ እሷ አንድ ቦታ ትጠቁማለች፣ እሱ ሌላ።

በየቀጠሮው ሚኒባስ እየተሳፈርኩ ቡሬ ድረስ አብሬያት እቀርብ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የገባሁት። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሌላ ቀን ቀጠሩ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አንዴ ዳኛዋ ስብሰባ ሄዱ፣ አንዴ መብራት ጠፋ፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ። ጠረጴዛ የሚደበድብ ጠበቃ ቀርቶ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አላየሁም። የአክስቴ እንጀራ ባይሆን ኖሮ ሁለተኛ አልመለስም ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ መጽሐፌን አወጣለሁ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። አንድ ቀን «ምን ይላል?» አለችኝና ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ ካላነበብኩላት እሽ አትልም። ታሪኩ ሰው ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ስለተከሰሰ ምስኪን ነበር።

«ዘመድ የለውም እንዴ ይኸ ሰውየ? ሽማግሌስ አልላኩም?» ትለኛለች።

ጠበቃው አንዷን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያጣድፋት ደግሞ «ኧረ ተዋት! ትተንፍስ እንጅ ሴትዮዋ!» ብላ ትቆጣዋለች።

ቀስ በቀስ ሌሎች ባለጉዳዮችም ዙሪያችንን መሰብሰብ ጀመሩ። ዋርሳዋም ጭምር። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ግንቡን ተደግፎ ይቀመጥ ነበር፤ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ በመጨረሻ ከጀርባችን ሆነ። ከአክስቴ ጋር ቃል አይነጋገሩም፤ የሚሥቁት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ከእሱ ጋር ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይመጣሉ፤ የልጁን ክርስትና ያነሡ አበልጁ ናቸው። ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው የሚመጡት፤ ስንቁንም የሚይዙለት እሳቸው ናቸው።

እኒህ ሽማግሌ ማን እንደሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ማሳዋን የእኩል ሲያርሱላት የነበሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዋንዛ ሥር በሬዎቻቸውን አሳርፈዋል፣ ምሳቸውን በልተዋል። የት እንደቆመ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ስሰማ ደሜ ሞቀ፤ ለካ ምስክሩ እዚሁ ከእኛ ጋር መጽሐፍ ሲያዳምጥ ነው የከረመው!

«ጥሪያቸው እንጅ እቴቴ!» አልኳት። «ምለው ይዋሻሉ?»

«እሳቸው? ምለው አይዋሹም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እውነቱን ይናገራሉ። ከዚያስ? ባበልጃቸው ላይ መስክረው የት ይገባሉ? ልጁን በክንዳቸው አቅፈው ያስጠመቁት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ማሳሽስ?»

«ማሳ እኮ ነው» አለችኝ።

በእኛ አገር ወንድም ወንድሙን ይከሳል፣ ዋርሳም የወንድሙን ሚስት ይከሳል፤ አበልጅ ባበልጁ ላይ ቆሞ ሲመሰክር ግን አልሰማሁም። ይህን አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግሁት። ቢሆንም ተናደድኩባት። እሷ ግን መጽሐፉ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እጇን መጽሐፉ ላይ ጭና አስቆመችኝ። «የኔ ፍርድ ሳይቆረጥ የዚህ ሰውየ አይቆረጥ» አለች።

የእሷ ተቆረጠ። ዋርሳዋ ሁለት ሰዎች አቅርቦ፣ ዋንዛው እሱ ባለው ቦታ እንደነበር መስክረውለታል። አክስቴ ማንንም አልጠራችም። ዳኛዋ በፊታቸው ባለው ማስረጃ ፈረዱ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? የታችኛው እኩሌታ፣ ውኃ የሚደርሰው፣ ሄደ። ፍርዱ ሲነበብ እኔ በሩን ሳይ ነበር። ቂልነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሳይ ነበር። በሩ የተከፈተው እኛ ስንወጣ ነው።

ወደ መናኸሪያ እንሄዳለን ስል አክስቴ ግራሩ ሥር፣ የለመደችው ቦታ ላይ ተቀመጠች። «በይ ጨርሽው» አለችኝ። ዋርሳዋና አበልጁ ከችሎት ወጥተው ትንሽ እንደመቆም አሉ፤ ከዚያ እነሱም መጥተው ተቀመጡ። ለእነሱ ማንበብ አልፈለግሁም።

«አንብቢ እንጅ» አለች። «እነሱም እኮ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።»

አነበብኩ። ንጹሑ ሰው ሊፈረድበት ሲል በሩ ተከፈተ። ምስክሩ ገባ፣ ማለ፣ ያየውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ዋርሳዋ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበውታል፤ የያዙበት እጅ ይንቀጠቀጣል። በዚያች ሰዓት አላዘንኩላቸውም፤ ይንቀጥቀጥ አልኩ በልቤ።

አክስቴም እጃቸውን አየችው። ወደ እሳቸው ዘወር አለችና፣

«አይዞዎት» አለቻቸው፤ «መጽሐፍ እኮ ነው።»