ሳጥኑ ሳይመጣ ፊሽካ አይነፋም

መተማ ዮሐንስ ላይ የምንኮራው በሁለት ነገር ነበር፤ በሰሊጣችንና በኳሳችን። ሰሊጡ ቢበላሽ በዝናቡ ይሳበባል። ኳሱ ግን፣ በተለይ ከድንበር ማዶው የገላባት ቡድን ጋር ከሆነ፣ ሰበብ የለውም። ሱዳኖቹ ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው ይመጣሉ፤ አብረን ሻይ እንጠጣለን፣ እንሳሳቃለን፤ ሜዳ ስንገባ ዝምድናው ያበቃል። የተሸነፍን እንደሆን ድንበር የተሻገረ ነጋዴያችን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ኳስ ተማር!" እየተባለ ይቀለድበታል።

እኔ በጤና ጣቢያው ነርስ፣ በቡድኑ ደግሞ የግራ ተከላካይ ነበርኩ። ፍጥነት አልነበረኝም፤ ክፋት ግን ነበረኝ።

ባጃጅ ገና ከተማችን በገባ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከገላባት ጋር አንድ ለአንድ ሆነን ሳለ ስምንት ቁጥራችን ማንም ሳይነካው ወደቀ። የእርሻ ትራክተር ነጂ ነበር፤ በሬ የሚያህል ጉልበተኛ። ዳኛው ያስመሰለ መስሎት በእጁ "ተነሣ" አለው። እኔ ስደርስ ዓይኑ ተገልብጧል። ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደጮህኩ ዛሬም ይሰማኛል፦ "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!"

እኛ ዘንድ ሰው ራሱን ሲስት ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ያሸታል፣ መዳፉ ላይ ቁልፍ ይደረግለታል። ከየአቅጣጫው ክብሪት ተዘረጋ። አንዱ ቁልፍ አስጨበጠው፣ አንዱ የጀሪካን ውሃ ደፋበት። እኔም በጉልበቴ ደግፌ አስቀምጬው ክብሪቱን አፍንጫው ሥር ያዝኩ። አንገቱን የዳሰስኩት ብዙ ቆይቼ ነው። የደም ሥሩ አይመታም ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደረስነው ሬሳውን ነው።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ለቅሶ ቤት ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

"ወንድሜ፣ አንተ የሕክምና ሰው ነህ። በጊዜው ቢደረግለት የሚያድነው ነገር ነበር?"

"የአምላክ ፈቃድ ነው። ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር" አልኳት።

ዋሸኋት። ልብ ሲቆም ደረት መጫንን ኮሌጅ ውስጥ ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነው።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። ጎንደር ለሥልጠና ሄጄ ዲፊብሪሌተር የሚሉትን መሣሪያ አየሁ። ልብ መምታቱን ትቶ ሲንቀጠቀጥ በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ሥርዓቱ ይመልሰዋል። ከእጅ ሻንጣ የማይበልጥ ሳጥን ነው፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ ሊጠቀምበት ይችላል። ለማን ደብዳቤ ያልጻፍኩ አለ? ሁለት ዓመት ስጨቀጭቅ ቆይቼ አንድ በእርዳታ መጣልን። መጣና በቀጥታ ንብረት ክፍል ገብቶ ተቆለፈበት።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ነበሩ። ለእሳቸው ንብረት ማለት የተቆለፈ ነገር ነው።

"አያ፣ ይህ ነገር እሑድ እሑድ ሜዳ መዋል አለበት" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የወጪ ሞዴል ሳይቆረጥ ከዚች በር መርፌ አይወጣም። እሑድ ደሞ ሥራ የለም።"

"ልብ እሑድን ያውቃል?"

"ቢጠፋስ? የምጠየቅ እኔ አይደለሁ?"

"አንቱ ቆልፈውት ሰው ቢጠፋስ?"

"እኔ የፈረምሁ ለንብረት ነው፤ ለነፍስ አልፈረምሁም።"

ሰኞ በመጣ ቁጥር ደጅ ጠናሁ። ሲያቅተኝ ለቡድኑ ነገርኩ። የገላባት ቡድን በመጣበት እሑድ ልጆቻችን ተሰልፈው ቆሙና ሳጥኑ ሳይመጣ ፊሽካ አይነፋም አሉ። ሱዳኖቹ "ፈርታችሁ ነው" ብለው ሳቁብን። ይህን ሲሰማ ሕዝቡ አበደ። ግማሹ ደጋፊ እያጨበጨበ ወደ ሽማግሌው ቤት ነጎደ። ብዙም ሳይቆይ አያ ሞዴሉን በገዛ ስማቸው ቆርጠው፣ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው በባጃጅ ከች አሉ። ለማንም አላስነኩም። መስመሩ ዳር ወንበር አስመጥተው፣ ሳጥኑን እግራቸው መሃል አድርገው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ እሑድ አልቀሩም፤ እንዲያውም ዳኛ መሳደቡን ከሁላችንም በልጠው ተማሩት።

ሳጥኑ ግን ብቻውን ምን ይሠራል? ሰው ይፈልጋል። ሲከፈት በድምፅ የሚያዘው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ክዳኑ ላይ ትእዛዙን በአማርኛ ጻፍኩበት፤ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ለእንግዶቹ በዓረብኛ ጻፈልን። ከዚያ ሰሊጥ የተሞላ ጆንያ ሜዳው መሃል አጋድሜ ሕዝቡን ለትምህርት ጠራሁ። አብዛኛው ሰው የመጣው ሊስቅ ነበር። የስምንት ቁጥራችን ሚስትም መጣችና ከፊት ቆመች።

የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልሰማ፣ ካልተነፈሰ፣ በጀርባው አስተኝታችሁ ደረቱን መሃሉ ላይ በሁለት እጅ በኃይል ጫኑ፤ ሌላው ሮጦ ሳጥኑን ያምጣ አልኩ። ክብሪትና ቁልፍ ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አይፈይዱም አልኩ። የሟቹ ሚስት እጇን አነሣች።

"ያን ዕለት ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያኔ መሣሪያው የት ነበረን ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ እሱም እውነት ነው።

"ነበረ" አልኩ። "እኔ አውቅ ነበር። ስደነግጥ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝና ክብሪት ጠራሁ። ደረቱ ቢጫን ይድን ነበር ብዬ አልምልልሽም። ግን አልጫንኩለትም። ለቅሶ ቤት የነገርኩሽ ውሸት ነው።"

ብትተፋብኝ ምራቋን አልጠርገውም ነበር፤ እንደዚያ ነው ያፈርኩት። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጆንያው አጠገብ ተንበረከከች፣ እጆቿን ደራርባ አሳረፈች።

"እዚህ ጋ ነው?"

"ትንሽ ወደ መሃል።"

"ቁጠርልኝ።"

ቆጠርኩ። ሠላሳ ላይ ስደርስ "በቃ፣ ለሌላው ልቀቂ" አልኳት። አላቆመችም። እንባዋ ጆንያው ላይ እየተንጠባጠበ በሙሉ ክብደቷ ትጫናለች። እኔም ሠላሳ አንድ አልኩ።