የአሮጌው መጽሐፍ ፈተና

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ደብረ ብርሃን በአንድ ቢሮ ፈተና አባዥ ነበርኩ። ሥራዬ ስቴንስል በታይፕ መምታትና የወረቀት ማባዣውን እጀታ ማዞር ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ቀለሙን ያረጋዋል፤ ከሰል ዳር ካላሞቅሁት ወረቀቱ እንደገባ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ፈተናው በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ለአሮጌው የማንበቢያ መጽሐፍም ለአዲሱም ይዘጋጃል። አንድ ጥያቄ ተስተካከለ በተባለ ቁጥር አራቱንም እንደገና መምታት ነው። ሥራው አንገፍግፎኝ ነበር።

ስለዚህ ኃላፊያችን «ከዚህ ዙር ጀምሮ አሮጌው ይቅር» ሲል ከሁሉ ቀድሜ እሰይ ያልኩት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው መጡ። አዲሱ መጽሐፍ እነሱ የሚማሩበት ጣቢያ አልደረሰም፤ የተማሩት ሁሉ በአሮጌው ነው።

«ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳችኋል፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ለሌሎቹ ይድረስ። እኔን ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ሳይጨልምብኝ አንዴ ማንበቤን ልወቅ፣ ልጄ።»

ኃላፊው «አንቺ ከቻልሽ» ብሎ ነገሩን ወደ እኔ ገፋው። ተናደድኩ፤ ግን ሽማግሌ ለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? እያጉረመረምኩ የአሮጌውን መታሁት። በፈተናው ዕለትም ወረቀቱን ይዤ ራሴ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ።

ተራቸው ደርሶ ምንባቡን ስሰጣቸው እንደ ውኃ አንበለበሉት። ልፋቴ ከንቱ አልቀረም ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ይሄ ንባብ አይደለም። ልጅ ሆኜ ቁርአን የቀራሁት በቃል ነው፤ ይሄንንም ሳላውቀው በቃሌ ይዤዋለሁ። አይቼው የማላውቀውን ስጪኝ።»

«ቢወድቁስ?»

«ልውደቃ።»

ብሽቅ አልኩ። ያን ሁሉ እጀታ ያዞርኩት ለማን ነው? ለአንኮበር ጣቢያ ከያዝኩት ከአዲሱ መጽሐፍ ፈተና አንዱን መዝዤ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። አንድ ፊደል ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ሌላ ፊደል ይላሉ። አንዱ ቃል ላይ ሲሰናከሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ተይኝ» አሉ።

ተውኳቸው። መስመሩን ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞላ፤ ይሄ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «ማንም ሳይነግረኝ።»