አያ ወልደኢየሱስ የቆፈሩት አፈር

አዘዞ ዳር ባለችው ትንሽ ደብራችን እምነት የምንለውን አፈር የሚያዘጋጁት አያ ወልደኢየሱስ ናቸው። አፈሩን ቆፍረው፣ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው ለአለቃው ያቀርባሉ። ጸሎት ከተደገመበት በኋላ ሁላችንም ግንባራችንን እንቀባዋለን፤ የታመመና ያረገዘች ደግሞ በጠበል በጥብጠው ይጠጡታል። አገልግሎቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። አፈሩ ከኮረብታው፣ ከጠበሉ በላይ ካለው ገደል ሥር እንደሚቆፈር ሁላችንም እናውቃለን። እናውቅ ነበር ብል ይሻላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ታመመ። ዳገቱ ሲያቅታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ለስላሳ ጥቁር አፈር አገኙ። ድንጋይ የለው፣ መውቀጥ አይፈልግ፣ ከወንፊቱ እንደ ዱቄት ይወርዳል። የቤተ ክርስቲያን አፈር ያው የቤተ ክርስቲያን አፈር ነው ብለው ከዚያ መቆፈር ጀመሩ። የጠየቃቸው ስላልነበረ ለማንም አልተናገሩም። በዚያ በኩል ቀድሞ የመኪና ባትሪ የሚያድስ ጋራዥ እንደነበረ፣ እጣቢውንም ወደ አጥሩ ሥር ይደፋ እንደነበረ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጋራዡ ተዘግቷል፤ ሣርም በቅሎበታል።

ባለፈው ዓመት ከዐቢይ ጾም በፊት ዳኛው የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጣ። ከፒያሳ መንገድ ዳር፣ ከመናኸሪያው፣ ከትምህርት ቤት ግቢዎች አፈር እየሰበሰበ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ከረጢት፣ ለማነጻጸሪያም ከኮረብታው አንድ ከረጢት ወሰደ። ከወር ተኩል በኋላ ውጤቱን ይዞ ሲመለስ አያን ወንፊት ይዘው አገኛቸው።

ዳኛው ትልቁን ነገር በትንሽ ቃል የሚያስረዳ ሰው ነው። የሚያስጨንቀው እርሳስ የተባለው ብረት አፈር ውስጥ መኖሩ ብቻ አይደለም አላቸው፤ ሰው ቢውጠው ሆዱ ውስጥ ስንቱ ይሟሟል ነው። በቤተ ሙከራ እንደ ጨጓራ የሚኮመጥጥ ውሃ ያዘጋጃሉ። በሰው ገላ ልክ ያሞቁታል። እጅ ላይ የሚጣበቀውን የላመ አፈር ጨምረው አንድ ሰዓት ይንጡታል። የኮረብታው አፈር እርሳሱ ጥቂት ነው፤ ያም አብዛኛው ሳይሟሟ ቀረ። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ግን እርሳሱ ብዙ ሆኖ ከግማሽ በላዩ ሟሟ። የሟሟው ወደ ደም ይገባል፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ይብሳል። ቦታው ይታጠር፣ ልጆችም አይጫወቱበት አለ። ከዚያ ዓይኑ ወንፊቱ ላይ አረፈ።

«አያ፣ የእምነቱን አፈር ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከኮረብታው።»

«ተመስገን። የዚያስ ሸጋ ነው» ብሎ ሄደ።

አያ ቤታቸው ሲገቡ ልጃቸው ፀደንያ ጽዋዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከተዳረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያረገዘችው ገና የመጀመሪያዋን ነው፤ አምስት ወሯ። ማርገዟን ካወቀች ጀምሮ ጠዋትና ማታ እምነት በጠበል ትጠጣለች። አያ ከእጇ ላይ ጽዋውን ያዙት።

«አትጠጪው።»

ምነው ስትላቸው ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሯት፤ ጉልበታቸውን፣ ጋራዡን፣ ለዳኛው የሰጡትን መልስ። ፀደንያ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። በኋላ እንደነገሩኝ ያን ጊዜ ብትሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

«ለእኔ ነገሩኝ» አለች። «ሌሎቹስ አባዬ? እነሱ አሁን እየጠጡት ነው እኮ።»

አያ የፈሩት አገልግሎቱን መነጠቅ ብቻ አልነበረም። ሰው ከእምነቱ ቢሸሽ፣ በእሳቸው ጉልበት ምክንያት የተቀደሰው ነገር ቢናቅ እግዚአብሔርን ምን ሊሉት ነው? ቢሆንም በማግስቱ ከኪዳን በኋላ ወደ አለቃው ወደ መልአከ ገነት ሐብተ ማርያም ሄደው ተናዘዙ። አለቃው አልተቆጡም።

«አፈሩ መጥቆሩን አይቻለሁ» አሏቸው። «አይቼ አልጠየቅሁም። እሑድ አብረን እንቆማለን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። አያ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። አንዲት ነፍሰ ጡር አለቀሰች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳናውቅ በአፏ የምትታወቀው ስንዱ ከሴቶች በኩል ተነሣች።

«አያ፣ ጉልበቴን አመመኝ ቢሉን ኖሮ ለአንቱ አንድ አህያ እናጣ ነበር?»

ሳቁ ከኋላ ጀመረ፤ አለቃውም ሳቁ። በየቤቱ የቀረው እምነት ተሰብስቦ በጥልቅ ጉድጓድ በክብር ተቀበረ። ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ቦታ ወንዶቹ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ንጹሕ ቀይ አፈር እያመጡ ሸፈኑት፤ ሣር ተተከለበት። አያ ዳኛውን አስጠርተው ዋሽቼሃለሁ አሉት። እሱም ሳይወቅሳቸው ነፍሰ ጡሮቹን ወደ ሐኪም ወሰደ። ደማቸው አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። በፀደንያ ደም ያለው እርሳስ ከሚገባው ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ መጠጣቱን ማቆሟ ዋናው መድኃኒት መሆኑን ነግሯት፣ የብረት ማዕድንና የካልሲየም ክኒን ሰጥቷት በየወሩ አያት።

ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ደምም ታየ፤ ሐኪሙ የሚያሰጋ ነገር አላገኘም፤ እያደገች ስትሄድ ደግሞ እንደሚያያት ተናገረ። እኔ በመጽሐፍ ብቻ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የሚመረምሩ እጆችን ስለሰጠን አምላክን ያመሰገንሁት ያን ቀን ነው።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ከቅዳሴው በኋላ አያ አዲሱን እምነት በጣታቸው ነክተው ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አሉ፤ ግን እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ፀደንያ አየቻቸው።

«ከየት እንደቆፈሩት ይንገሩኝና ይቀቧት» አለች።

ነገሯት። ልጅቷን ከፍ አድርጋ ግንባሯን አቀረበችላቸው።