የሴቶቹን ገንዳ የሚጠብቅ ወንድ

እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ቆማ ማስቀደስ አቅቷታል። ከሐኪም ቤት የሰጧት ክኒን ጨጓራዋን አቃጠላት እንጂ ጉልበቷን አልፈታላትም። «ወደ ወንዛዬ ውሰጂኝ፣ እኔን የሚያሽለኝ የዚያ ፍል ውሃ ነው» ብላ ነዘነዘችኝ። እኔ ከአረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘጋሁና ይዣት ወረድሁ።

ድሮ እዚያ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት የሴቶች፣ ከሰዓት የወንዶች ተራ ነው። ሴቶቹ ሲገቡ አንዷ ነጠላዋን መንገድ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ላይ ትሰቅላለች፤ ያንን ያየ ወንድ፣ ቄስም ይሁን ወታደር፣ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ውስጥ ያለው ሁሉ ራቁቱን ነው። ውሃው ገላ ካልነካ አይፈውስም ይላሉ ትልልቆቹ። ከነልብስ መግባት ለእናቴ ክኒንን ከነወረቀቱ እንደ መዋጥ ነው።

ታዲያ ምን መጣ? ከከተማ የመጡ ጎረምሶች ዳገቱ ላይ ሆነው ሴቶቹን በስልክ ቀረጿቸው። ሹማምንቱ ተሰበሰቡና ደንብ አወጡ፦ ራቁት መታጠብ ክልክል ነው፣ የተገኘ ይቀጣል። ስልክ ስለደገኑት አንድ ቃል የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሁሉም ለብሶ ነው የሚታጠበው ስለተባለ ነጠላ የሚሰቅልም ጠፋ፤ ወንዱ እንዳሻው ይመላለሳል። ይባስ ብሎ ደንብ አስከባሪ አቆሙ። የት? የሴቶቹ ገንዳ አፋፍ ላይ። ማንን? ወንድ!

እናቴ እሱን ስታይ እጄን ጨብጣ ቀጥ አለች።

«ልጄ፣ እስቲ ዘወር በልልኝ» አለችው።

«አይቻልም እማማ፣ በቀሚስዎ ይግቡ። ማን እንዳወለቀ ካላየሁ በምን ላውቅ ነው?»

ጋቢ ዘርግቼ ልከልላት ብል «መከለልም አይቻልም፣ አያሳይም» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! የቆምኸው የሴት ገላ እንዳይታይ ነው ወይስ ላንተ ብቻ እንዲታይ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ያፈረ መሰለኝ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። «እኔ ላይ አትጩሂ፣ ያወጡትን ጠይቂ» አለኝ። ወይ ነዶ! ያወጡትን የት አገኛቸዋለሁ? ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው።

«በይ ተነሺ እንሂድ» ስላት እናቴ እንቢ አለች። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ?» ብላ በነጭ ቀሚሷ ገባች። ብዙም አልቆየች። ልትወጣ ስትል ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት በሁለት እጄ መጎተት ጀመርሁ፤ ጋቢው መሬት ላይ ቀረ። የከሰዓት ተራ የሚጠብቁ ወንዶች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ያ ስስ ቀሚስ ውሃ ጠጥቶ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ጡቷ፣ ሆዷ፣ ምኗ ቀረ? አንዱ ሽማግሌ ብቻ «በስመ አብ!» ብሎ ዞረ። ደንብ አስከባሪው አንድ ጥፋት አላገኘባትም። ለብሳለቻ!

ጋቢውን ጠቅልዬባት መኪና ላይ ተሳፈርን። እኔ እርግማኔን ሳወርደው እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ሐሙሲት ልንደርስ ስንል ጋቢውን እስከ አገጯ ስባ፣ እንደ ሹክሹክታ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አባትሽ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በብርሃን እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።»