በዳቦ የተለካ መስኮት

ቤተሰባችን የእረፍት ቤት አለው። ይህን ስናገር ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ሆሳዕና ተወልዶ በሰው አገር፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ የሚነግድ ሰው ከባሕር ፊት ለፊት ቤት ይገዛል ብሎ የሚጠብቅ የለም። የኛ ሰው እጁ ትንሽ ሲፈታ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል፣ ወይም አገር ቤት ፎቅ ያቆማል። አባቴም ያሰበው ሁለተኛ ሱቅ ነበር። ቤቱ የእናቴ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ የመጣላት አጎቴ ከሞተ በኋላ ነው። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሱቁን አብረው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ሊያስገባ የብረቱን በር ሲከፍት ሁለት ሰዎች ተከትለውት ገቡና ተኩሰው ገደሉት። በሩ ክፍት የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አባቴ በዚያ ሰዓት ጅምላ መሸጫ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሙ ብዙ አያወራም፤ ስለ በር ግን ያወራል። ሮዘተንቪል ያለው የምንኖርበት ቤታችን በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አለው። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እያጠናሁ እንኳ አባቴ እየተነሣ ሦስቱንም ነካ ነካ አድርጎ ይመለሳል።

እናቴ ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ሐዘኑ ትንሽ ረገብ ሲል ለአባቴ የነገረችው አጭር ነው፤ ደጅ ተቀምጬ ሩቅ ማየት እፈልጋለሁ፣ አንተም አጠገቤ እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ አለችው። እናቴ ነገር የምትለምን ሴት አይደለችም። አባቴ ወር ያህል ሲከራከራት ቆይቶ ተሸነፈ።

ቤቱን የሸጡልን ልጆቻቸው ዘንድ ለመኖር የተነሡ አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። ቤቱ ከደርባን በስተደቡብ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ከሥሩ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ፤ ከመንደሩ ዝቅ ብሎ አሸዋው፣ ከዚያ ባሕሩ። ጀልባዎቹ ጎህ ሲቀድ ይወጡና ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ በረንዳውን ክፍት አድርገው ነበር የኖሩት።

አባቴ እኛን ከመውሰዱ በፊት ብረት በያጅ ይዞ ሄደ። በያጁ ያገራችን ሰው ነው፤ ሎኬሽን በሚሉት፣ እንደ ቴምቢሳ ባለው የጥቁሮች ሰፈር የብዙውን ሱቅ ብረት የሠራ፣ የኛንም የሠራ። ለመጀመሪያው የፋሲካ እረፍት ስንደርስ በረንዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት ተዘግቶ ጠበቀን። ብረቱ ባለቁልፍ በር አለው፤ ከመሐሉ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ አለች።

ቀዳዳዋን ላስረዳ። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ የሚነገደው በብረት ነው፤ ደንበኛው ውጭ፣ ባለሱቁ ውስጥ። ዕቃ የሚያልፍባት ቀዳዳ በዳቦ ትለካለች። አንድ ሙሉ ዳቦ ሳይጨፈለቅ ካለፈ ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋች የሰው ትከሻ ታስገባለች። በያጁ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ስለሆነ ማንም ሳያዘው ሠራት። አባቴም ቆሞ እያየ አልከለከለውም፤ ለሁለቱም ቀዳዳ የሌለው ብረት ጎደሎ ይመስላቸዋል። እናቴ ብረቱን አየችና ሻንጣዋን ወደ ውስጥ አስገባች። እኔ ግን ቱግ አልኩ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ነድቶ መልሶ ቴምቢሳ የሚገባ ከኛ ቤተሰብ በቀር የለም ብዬ ተናገርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የመንደሩ ሴት መጥታ በቀዳዳዋ በኩል ዳቦ ጠየቀች። ከሰዓት በኋላ ሌሎች መጥተው ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ አለ ወይ አሉ። አባቴ ሱቅ አይደለም፣ ቤት ነው እያለ መለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ለራሳችን ካመጣነው ስኳር ቀንሶ ለአንዷ ሲያቀብላት ደረስኩበት፤ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። እናቴ እነዚያን ቀናት ሁሉ ከብረቱ ጀርባ ሆና ባሕሩን አየች። እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ያው ሱቃችን ነው፣ ዳቦው ብቻ ነው የቀረው አለችኝ።

አንድ ዓመት ከምናምን እንዲሁ አለፈ። በታኅሣሥ እረፍት አንድ ዓሣ አጥማጅ ኮረብታውን ወጥቶ መጣ። ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ቢጫ ጀልባውን ከላይ ሆነን እናውቃታለን። "ሳውቦና ባባ" ብሎ በዙሉ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ቀዳዳዋ ቀረበና፣ ጎረቤት ናችሁ፣ ከባሕራችን ቅመሱ ብሎ ዓሣ ዘረጋልን። አባቴ እንደ ልማዱ ከውስጥ እጁን አሾለከ። ዓሣው አላልፍ አለ። በራሱ በኩል ሞከሩት፣ በጅራቱ ሞከሩት፤ ሰውዬው ከውጭ ይገፋል፣ አባቴ ከውስጥ ይስባል። አባቴ የሚያውቀው ዓሣ የሐዋሳን ነው፤ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጠውን። ይኼኛው ግን ከክንድ ረዝሞ ከዳቦም ወፍሯል። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ጀመር። አጎቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ባባ፣ በሩን ክፈተው እንጂ፤ ዓሣው አይነክስህም" አለ ሰውዬው፣ ዙሉውን ከእንግሊዝኛው እየቀላቀለ።

አባቴ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ዓሣውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ሊዘጋ ሲል እናቴ ወንበሯን አንሥታ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ሣሩ ላይ አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ ባሕሩ አድርጋ ተቀመጠች። ከፈለግህ ቆልፍብኝ፣ እኔ እንደሆነ አልገባም አለችው። አባቴ ዓሣውን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። በኋላ ዓሣውን ለኔ አስታቀፈኝና ሌላ ወንበር አወጣ። አጠገቧ አደረገው፤ ግን አዙሮ ነው። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደተከፈተው በር አድርጎ ተቀመጠ።

"አንቺ ባሕሩን እዪ፤ እኔ በሩን አያለሁ" አላት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አዘንኩ። ለሁለቱም ነው ያዘንኩት። እሷ አጠገቤ ተቀመጥ ያለችው እንዲህ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ከዚህ በላይ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ እንዲሁ ሆነ። ትከሻቸው ይነካካል፣ ፊታቸው ለየቅል። እሷ ታወራለታለች፤ ሰማያዊዋ ጀልባ ገባች፣ እየጎተቷት ነው፣ ዛሬ ብዙ ይዘዋል ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ከበሩ ሳያነሣ እሺ ይላል። አንድ ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ፤ ያየው ሁሉ የተጣሉ ይመስለዋል።

ባለፈው ፋሲካ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮቱ እሰማቸዋለሁ። ስድስት ሰዓት አለፈና እናቴ ሁሉም ገቡ፣ ቢጫዋ ብቻ ቀረች አለች። አባቴ ትመጣለች አለ። ጥቂት ቆይቶ መጣች ወይ ብሎ ጠየቀ። አልመጣችም። ስምንት ሰዓት ሆነና ደግሞ ጠየቀ። እናቴ የመንደሩ ሴቶች ወርደው አሸዋው ላይ ቆመዋል፣ የሰውዬው ሚስት ከፊት ናት አለችው።

አባቴ ተነሣ፤ ወንበሩን አነሣና አዞረው።

ወደ በረንዳው ስወጣ ከበሩ ማዶ የሁለቱንም ጀርባ አየሁ። እንደዚያ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ባሕሩን ያያል። አንድ ጊዜም ዞር አላለም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ቢጫዋ ጀልባ ሞተሯ ጠፍቶ በሌላ ጀልባ እየተጎተተች ብቅ አለች። ሴቶቹ ወደ ውኃው ሮጡ። አባቴ እያለቀሰ ነበር፤ አልደበቀውም።

"ሰውዬው ዛሬ ቤቱ ይገባል" አለ።

እናቴ እጁን ያዘችው። ከዚያም በኋላ አልተነሡም፤ ጀልባዋን ከውኃው ሲያወጧት፣ ሴቶቹ ወደ መንደሩ ሲመለሱ እያዩ ቆዩ። በሩ ከኋላቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበር አውጥቼ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩና እስኪነሡ ድረስ ጠበቅኩላቸው።